ሳይደገፉ ወደ ዝሆን ተራራ

ታይፔ የሄድኩት ከተማዋን ልይ ብዬ አልነበረም። የሄድኩት አማቼ ተራራ ሲወጡ እንዳልደግፋቸው ነው። ነገሩ እንዲገባችሁ ከቤት ልጀምር።

የባለቤቴ የሰብለ አባት ጋሼ መርዕድ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው የደን ሳይንስ ሊማሩ ስዊድን መጥተው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዛፍ ሲለኩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ስቶክሆልም ዳር፣ ቴንስታ ውስጥ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔና ሰብለ ሶደርተልየ ነን፤ እኔ እዚያ የጭነት መኪና ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ሰብለ እኛ ሰፈር ሊፍት ያለው የአረጋውያን ቤት ከኮሙኑ፣ ከከተማው አስተዳደር፣ አስፈቅዳላቸው፣ "አባዬ፣ ይግቡ በቃ" እያለች ስትለምናቸው ከረመች።

"የምትከሱኝ በደረጃ ነው አይደል?" አሉ አንድ እሑድ ቤታችን ምሳ ሲበሉ። "እንግዲያው ተራራ ውሰዱኝ። ማንም እጄን ሳይዘኝ ከወጣሁ የቤቴ ነገር ዳግመኛ አይነሳ። አንድ ሰው ከደገፈኝ ግን ዕቃዬን ሸክፌ ሶደርተልየ እገባለሁ።"

ሰብለ ወዲያው ተስማማች። ተራራው ታይዋን ድረስ የራቀው በጋሼ የቆየ ምኞት ነው። የካምፎር ዛፍ በተማሪነታቸው በመጽሐፍ አንብበውታል፣ ለሌሎችም አስተምረውታል፤ ቆሞ ግን አይተውት አያውቁም። ታይፔ ደግሞ ካምፎሩም አለ፣ በባቡር የሚደረስበት ቀላል ተራራም አለ። ሰብለ ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘች አብሬያቸው እንድሄድ የተመረጥኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ

ከቤት ስንወጣ ሰብለ ወደ ጎን ሳብ አድርጋኝ "ዳኛው አንተ ነህ፤ እውነቱን ብቻ ነው የምፈልገው" አለችኝ። እሺ አልኳት። ዳኛው ግን ንጹሕ አልነበረም። በየቅዳሜው አስቤዛ ጭኜ ከሶደርተልየ ቴንስታ የምነዳው፣ ከዚያ ያን ሁሉ ከረጢት ሦስት ፎቅ የምሸከመው እኔ ነኝ። ጋሼ ከተሸነፉ ቅዳሜዬ ይመለስልኛል። ይህን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።

አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ሻንጣቸውን ልይዝላቸው እጄን ዘረጋሁ። ነጠቁኝ።

"ከአሁኑ ጀመርክ?"

"ጋሼ፣ ውሉ ስለ ተራራ ነው እንጂ ስለ ሻንጣ አይደለም።"

"እጅህ እንዳይለምድ ብዬ ነው" አሉና እየጎተቱ ቀደሙኝ።

ሽማግሌ ሻንጣ ሲጎትት እጁን አጣጥፎ የሚከተል አማች በእኛ ዘንድ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። የፍተሻው ሰልፍ ላይ አንዲት የማናውቃት ሐበሻ ሴት መጀመሪያ ሻንጣውን፣ ቀጥሎ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ስለ ውላችን ላስረዳት አስቤ ተውኩት።

ማክሰኞ

አውሮፕላን አንዴ ቀይረን፣ እግራችን አብጦ ታይፔ ገባን። ሻንጣ ስንጠብቅ ጆሮው የተንጠለጠለ አንድ ትንሽ የጉምሩክ ውሻ መጥቶ የጋሼ ቦርሳ አጠገብ ቁጭ አለ። ደነገጥኩ፤ ሥጋና ፍራፍሬ ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው፣ ሰብለ ደግሞ ቋንጣ ሳትሸጉጥ ሰው አትሸኝም። ቦርሳው ሲከፈት የተገኘው ከአውሮፕላን ምሳ የተረፈ አንድ ፖም ነበር።

"ምግብ አይጣልም ብዬ ነው" አሉ ጋሼ በእንግሊዝኛ። መኮንኑ ፖሙን በትሕትና ወሰደ። ጋሼም እንዳይከፋው ብለው የዳቦ ቆሎ ከረጢታቸውን ፈተው ጋበዙት። ሰውየው አየ፣ አሸተተ፣ ማስገባቱን ፈቀደ፤ ለመቅመስ ግን ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ አመሰገነና እምቢ አለ። ውሻው ቢፈቀድለት እምቢ የሚል አይመስልም ነበር።

ያረፍነው አሮጌ ሰፈር ውስጥ፣ ወይዘሮ ሊን የሚባሉ መበለት በሚያከራዩት ትንሽ ማረፊያ ነው። ሰባን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናቸው። ለስልካቸው በቻይንኛ ይነግሩታል፣ ስልኩ በእንግሊዝኛ ይነግረናል። ክፍላችን ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ጋሼ ደረጃውን ቀና ብለው አይተው "ቴንስታ እዚህም አለ" አሉና ሳያርፉ ወጡት።

ረቡዕ

ጠዋት ቁርስ ልንወርድ ስንል ጋሼ "አንተ ቅደም፣ ጫማዬን አስሬ እመጣለሁ" አሉኝ። እኔ ታች ሻይ ጨርሼ ሁለተኛ ስቀዳ ደረሱ። ወይዘሮ ሊን ወጥ ቤታቸው በደረጃው ትይዩ ስለሆነ ወደዚያ አየት አድርገው ወደ ምድጃቸው ተመለሱ።

ዕለቱ ጾም ነው። ጋሼ እንኳን ታይፔ፣ የትም ቢሄዱ ረቡዕና ዓርብን አይሽሩም። ስቶክሆልም ውስጥ በጾም ቀን ውጭ መብላት ማለት አስተናጋጅ ፊት ቆሞ ስለ ቅቤ ንግግር ማድረግ ነው። እዚህ ግን መነኮሳቶቻቸው ሥጋ ስለማይቀምሱ የጾም የሚመስል ምግብ ቤት በየመንገዱ አለ፤ በሩ ላይ የተጻፈውን አንድ ፊደል ለይቶ ማወቅ ብቻ ነው። ወይዘሮ ሊን ፊደሉን በወረቀት ጻፉልን፤ ከሥሩም እንቁላልና ወተት አንበላም የሚል ጨመሩበት። ወረቀቱን ስናሳይ የምግብ ቤቷ ሴት የሚሆነንን እየጠቆመች ሳህናችንን ሞላችው። ጋሼን ያስቸገራቸው ከአኩሪ አተር የተሠራ፣ ቆዳና ቅርፊት ሳይቀር ዓሣ የሚመስል ነገር ነው።

"ዓሣ አይደለም ነው የምትለኝ?"

"አኩሪ አተር ነው፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ለምን ዓሣ ልምሰል ይላል?" ብለው በሹካ ወደ እኔ ሳህን ገፉት። ጣፋጭ ነበር።

የታይፔን የምድር ውስጥ ባቡር ብታዩ ለስቶክሆልሙ ቱነልባና ታዝኑለታላችሁ። ወለሉ ላይ ቢተኛበት ልብስ አያቆሽሽም። ገና ስንገባ ሦስት ወጣቶች ተነሥተው ለጋሼ ቦታ ለቀቁላቸው፤ በቴንስታው ሰማያዊ መስመር እንኳን ሦስት፣ አንድም አይነሣም። ጋሼ ደስም አላቸው፣ ከፋቸውም። "እዚያ ቆሜ ስሄድ ጎልማሳ ነበርኩ" አሉ ሲቀመጡ። ከዚያ ለምስጋና ዳቦ ቆሎውን አውጥተው ከራሳቸው ከመቅመሳቸው በፊት ለወጣቶቹ ዘረጉ። እኛ ፊታችን ሰው እያለ ብቻችንን አንበላም። አንደኛዋ ልጅ በጣም አፍራ፣ በሁለት እጇ፣ መብላት ክልክል የሚለውን ምልክት አሳየቻቸው። ሦስቱም አንዳንድ ፍሬ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ።

አመሻሹ ላይ የሆነውን ሰብለ እስካሁን ትስቅበታለች። መስኮታችን ሥር ሙዚቃ እያሰማ አንድ መኪና መጣ። ስዊድን ውስጥ ሰፈር ለሰፈር ሙዚቃ እያሰማ የሚዞር መኪና ምን እንደሆነ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ ግላስቢል ነው፣ አይስክሬም ሻጭ። "ጋሼ፣ አይስክሬም ላምጣልዎት?" ብዬ ጾም መሆኑንም ረስቼ ሦስት ፎቅ በሩጫ ወረድኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል። ወደ ሰልፉ ተጠጋሁ። ሁሉም ከረጢት ይዟል። መኪናው ቢጫ ነው፣ ከኋላው ክፍት ነው፣ ሽታውም የአይስክሬም አይደለም። ከተማው ቆሻሻ የሚሰበስበው እንዲህ በሙዚቃ እየጠራ ነው። ወይዘሮ ሊን ባዶ እጄን ቆሜ ሲያዩኝ አንዱን ከረጢታቸውን ሰጡኝ፤ እኔም ለዚሁ እንደመጣሁ ሁሉ ወረወርኩ። ቀና ስል ጋሼ መስኮቱ ላይ ሆነው በመሀረብ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

ሐሙስ

የዝሆን ተራራ የሚባለው ከተማው ጫፍ ላይ ነው። ከባቡር ወርደህ መናፈሻ ታቋርጥና የድንጋይ ደረጃው ይጀምራል። እንጦጦን ለሚያውቅ ተራራ ብሎ ለመጥራት ያስቸግራል፤ ጠፍጣፋውን ስቶክሆልም ለለመደ ግን ይበቃዋል። ሙቀቱ በላብ ያጠምቃል። እኔ ከመቶኛው ደረጃ በፊት ማለክለክ ጀመርኩ። ጋሼ ግን እያንዳንዱን ዛፍ ቆም ብለው በላቲን ስሙ እየጠሩ፣ በዚያውም እየተነፈሱ ይወጣሉ።

መጨረሻው ሊደርስ ጥቂት ሲቀር አንድ እርጥብ ድንጋይ ላይ እግራቸው ሸርተት አለ። አልወደቁም፤ የሚወድቁም አይመስለኝም ነበር። ነገር ግን እጄ እኔን ሳያማክር ሄዶ ክንዳቸውን ያዘ። እኔ ሽማግሌ ሲንገዳገድ ቆሞ እንዲያይ ያሳደጉት ልጅ አይደለሁም፤ ገና በልጅነቴ፣ መንገድ ላይ ያገኘሁትን አዛውንት ሁሉ ሳልጠየቅ ክንዱን እየያዝኩ ነው ያደግኩት።

ጋሼ ቆሙ። መጀመሪያ እጄን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን።

"ተበላሸ" አሉ።

"ጋሼ፣ ይህ አይቆጠርም። ማንም አላየም።"

"አንተ አይተሃል። እኔም አይቻለሁ።"

ጫፉ ድረስ አልወጣንም። አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን በከተማው የታወቀውን ረጅም ሕንፃና ከተማውን ከቅጠል መሀል ትንሽ አየንና ተመለስን። ስንወርድ የብረት መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከእኔ ራቅ ብለው፣ በጣም ቀስ እያሉ ወረዱ፤ ተቆጥተው ነው ብዬ ወደ ኋላ ሳላይ ቀድሜ ጠበቅኋቸው። ማታ እራት ላይ ተቀመጥን። ቅዳሜዬ ስለተመለሰልኝ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ ነበር፤ የሾርባውን ሳህን አንገታቸውን ደፍተው ሲያማስሉ ሳያቸው ግን ሌባ የሆንኩ መሰለኝ። "እንደገና እንውጣ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያልጠየቁኝን ነው ያደረግኩት" አልኳቸው። ማንኪያቸውን አንሥተው ሾርባውን ጠጡ።

ዓርብ

ዝናብ። ፍል ውሃ ወዳለበት ቤይቱ ወደሚባል ሰፈር በባቡር ሄድን። የድኝ ሽታው አዲስ አበባ ፍልውሃ የቆምኩ አስመሰለኝ። ሱሪያችንን ጠቅልለን ከሰፈሩ አዛውንቶች ጋር እግራችንን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርን። ጋሼ ጉልበታቸውን እያሹ "ስዊድኖች ባስቱ በሚሉት የእንፋሎት ቤት ውስጥ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ እነዚህስ ያወራሉ" አሉ። እውነትም አንድ ሰው በማናውቀው ቋንቋ የቤተሰቡን ጉዳይ በሙሉ ያጫወተን ይመስለኛል።

ማታ ወይዘሮ ሊን የሆነውን ሁሉ ከእኛ ሰሙና ለስልካቸው ረጅም ንግግር አደረጉለት። ስልኩ አጭር አድርጎ "ነገ ከእኔ ጋር ትወጣላችሁ። እኔ ሁልጊዜ እወጣለሁ" አለ። የሞቱት ባለቤታቸው ይይዙት የነበረ የቀርከሃ ምርኩዝም አመጡ።

"ምርኩዝ መደገፍ አይደለም?" አልኩ እንደ ዳኛ።

"ምርኩዝ አስተያየት አይሰጥም" አሉ ጋሼ። ፈቀድኩ።

ቅዳሜ

ወይዘሮ ሊን ክፍል አጽድተው ሲጨርሱ፣ ምሳ ካለፈ በኋላ ተነሣን። ደረጃው ሥር ስንደርስ አንድ ከረጢት ዘይቱን በግራ እጄ፣ አንድ ትልቅ የሻይ ቴርሞስ በቀኝ እጄ አስያዙኝና በጣታቸው "እንዳታስቀምጥ" አሉኝ። እጄ ሥራ ፈትቶ ሰው እንዳይዝ ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ግማሽ መንገድ ላይ ነው። እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከፊት፣ ጋሼ በምርኩዙ መሀል፣ እኔ እንደ አህያ ተጭኜ ከኋላ ሆንን።

ጋሼ እየተቀመጡ፣ እየተነሡ፣ ሐሙስ ያዳለጣቸው ድንጋይ ጋ ሲደርሱ በምርኩዙ መታ መታ አድርገውት አለፉ። ቴርሞሱን እንዴት እንደጨበጥኩት የተረዳሁት ጣቶቼ ሲደነዝዙ ነው። ጫፉ ላይ ሲቆሙ ወይዘሮ ሊን ያጨበጨቡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እኔ ግን እጄ ተይዞ ማጨብጨብ አልቻልኩም፣ ዓይኔ ብቻ ሞላ።

እዚያ በየቀኑ የሚወጡ አዛውንቶች ነበሩ። ሻይ ቀዱልን፣ ጋሼም ዳቦ ቆሎውን አዞሩላቸው፤ እዚህ የሚከለክል ምልክት የለም፣ ከረጢቱ ባዶ ሆኖ ተመለሰ። ስቶክሆልም ገና ጠዋት ስለነበር ለሰብለ በቪዲዮ ደወልን።

የሐሙሱን ጥፋቴን ነግሬያት ስለነበር፣ "ዛሬስ ማንም አልያዛቸውም?" አለችኝ።

"ማንም አልያዛቸውም።"

"በእናትህ?"

"በእናቴ።"

ሰብለ ፊቷን በእጇ ሸፍና ሳቀች፣ ከዚያ "አባዬ፣ ተሸነፍኩ" አለች።

ሊወርዱ ሲሉ ነው ነገሩ የተለወጠው። ጋሼ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆመው ቀሩ። ሰዎች በጎናቸው አለፉ። ወይዘሮ ሊን ዘይቱኑንና ቴርሞሱን ከእጄ ወሰዱ።

"ደረጀ" አሉኝ ጋሼ ወደ ታች እያዩ፣ "ስለ መውረድ አልተዋዋልንም አይደል?"

"አልተዋዋልንም።"

"እንግዲያው ያዘኝ።"

እስከ ታች ድረስ ክንዳቸው በክንዴ ውስጥ ነበር። ግማሽ ላይ ስናርፍ አጫወቱኝ። መውጣት አያስፈራቸውም፤ የሚታየው አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ሲወርዱ ግን ሁሉም ደረጃ አንድ ላይ ይታያቸዋል፣ ጉልበታቸውም ይከዳቸዋል። ቴንስታ ልጆች ትምህርት ቤት እስኪሄዱ ጠብቀው፣ ሰው እንዳያያቸው፣ ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዙረው እንደ መሰላል ወደ ኋላ ነው የሚወርዱት። ባለፈው የበረዶ ወቅት አሥራ አንድ ቀን ከቤት ሳይወጡ ቆይተው ለሰብለ ጉንፋን ነው ብለዋታል። ማረፊያችንም ውስጥ ጠዋት ጠዋት "አንተ ቅደም" የሚሉኝ ለዚህ ነበር። ወይዘሮ ሊን ግን ከወጥ ቤታቸው ሆነው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይተዋቸዋል።

"ለሰብለ ትነግራታለህ?" አሉኝ።

"እኔ የተጠየቅኩት ስለ መውጣት ነው፣ ጋሼ። ይህንን እርስዎ ይንገሯት።"

እሑድና ሰኞ

እሑድ አንድ መናፈሻ ውስጥ ካምፎሩን አገኘነው። ግንዱን ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ቢያያዝ አይከብበውም። ጋሼ መዳፋቸውን ግንዱ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ፤ የወደቀ ቅጠል አንሥተው ጨፍልቀው አሸተቱ፣ እኔንም አስሸተቱኝ። እናቴ ጉንፋን ሲይዘኝ ደረቴን የምትቀባኝን ቅባት ይሸታል። "ለተማሪዎቼ ሽታውን በትክክል ነግሬያቸው ኖሯል" ብለው ቅጠሉን ማስታወሻ ደብተራቸው ውስጥ አደረጉ።

ሰኞ ወይዘሮ ሊን ከታች ድረስ ሸኙን። ጋሼ ምርኩዙን ሊመልሱላቸው ሲሉ አልቀበልም አሉ። ጋሼ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ፣ እሳቸውም ጎንበስ አሉ፤ ማን ቀድሞ ቀና እንደሚል ጠፍቶ እኔ ታክሲውን አስጠበቅኩ።

ከዚያ በኋላ

ስቶክሆልም በዝናብና በጨለማ ተቀበለችን። ጋሼን ቴንስታ አደረስናቸው፤ ሦስቱን ፎቅ በምርኩዛቸው ወጡ፣ ሰብለም ቃሏን ጠብቃ ስለ ሶደርተልየ አንዲት ነገር አላነሣችም። እኔ ግን የማውቀው ነገር እንቅፋት ሆኖብኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ዓይኗን እየሸሸሁ ከረምኩ።

ዓርብ ማታ እራት ላይ ስልኳ ጮኸ። ጠረጴዛው ላይ በድምፅ ማጉያ አስቀመጠችው።

"ሰብልዬ፣ ነገ ደረጀን ላኪልኝ።"

"አስቤዛ አልቆብዎት ነው፣ አባዬ?"

"አስቤዛውን እራሴ ልገዛ ነው። መውረድ ነው የምፈልገው። መውረዱን ብቻዬን አልችልም።"

ሰብለ ስልኩን አየች፣ እኔን አየች። "ታውቅ ነበር" አለችኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። አልተቆጣችም፤ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ስትመለስ ኮምፒውተሯን ከፍታ ቴንስታ ውስጥ፣ እዚያው ግቢ፣ ምድር ቤት ያለው ሰው ከአባቷ ጋር ቤት ይለዋወጥ እንደሆነ መፈለግ ጀመረች። እስካሁን እየፈለገች ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ ደወልኩ። ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። ልጆች ደረጃው ላይ ይሯሯጣሉ፣ ጎረቤት ልብስ ማጠቢያ ቤት ሊሄድ ዘንቢል ይዞ ያልፋል። ጋሼ የመጀመሪያው ደረጃ ጋ ቆሙ። እጄ ልማዱ ሆኖ ሊነሣ ሲል ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩትና ጠበቅኩ። ልጆቹ አለፉ፣ ጎረቤቱ "ሄይ" ብሎ አለፈ። ጋሼ ምርኩዙን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።